ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም ያለው ኮምፒዩተር

ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንግሥት ሥራ ሳገለግል ከእጄ የጠፋ ንብረት የለም። ጡረታ ስወጣ ግምጃ ቤቱን ያስረከብኩት በአንድ ቀን ተኩል ነው፤ የተረከበኝም ሰው አንዲት መርፌ ቁልፍ ጎድላ አላገኘም። አንባቢዎቼ ይህን በመግቢያው ላይ ማንሣቴን እንደ ጉራ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የማጫውታችሁ የጥቂት ቀናት ጭንቀት የመጣብኝ ከዚሁ ከጥንቃቄዬ ነውና።

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ውስጥ፣ የጡረተኞችን ማኅደር በሚይዝ መሥሪያ ቤት የንብረት አስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የግድግዳው ሰዓት፣ ሌላው ቀርቶ የጽዳት ባልዲው ሳይቀር የንብረት ቁጥር ካልተጻፈበት ከግምጃ ቤቴ አይወጣም። ቁጥሩን መጻፍ ለማንም አልሰጥም፤ የምጽፈው ራሴ ነበርኩ። ልጅ ሆኜ ቁም ጽሕፈት ስለተማርኩ እጄ የተገራ ነው። ነጭ የዘይት ቀለም፣ ቀጭን ብሩሽ፣ በመጨረሻም ጽሑፉ እንዳይፋቅ ከላዩ አንድ ጊዜ የምቀባው ቀለም የሌለው ቨርኒሽ። ይኸው ነበር የሥራ መሣሪያዬ።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነበረው። የምትሠራበት ወይዘሮ አስካለ የምትባል የኮንትራት ጸሐፊ ነበረች፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምትገኝ፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ጣቷ ፈጣን ሴት። ስምንት ወር ሙሉ አቧራ የጠጡትን ማኅደሮች አንድ በአንድ እያወጣች የጡረተኞቹን ስም፣ የማኅደር ቁጥርና የመደርደሪያ ቦታ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ስታስገባ ቆይታለች። ቀደም ሲል አንድ ሽማግሌ ማኅደሩ እስኪገኝለት ሦስት ሳምንት ይመላለስ ነበር። ይህ ዝርዝር ሲጠናቀቅ ግን ስሙን መጻፍ ብቻ ይበቃል። የቅጥር ኮሚቴው ሰኞ ጠዋት ተሰብስቦ የታተመውን ዝርዝር ያያል፤ አይቶም አስካለን በቋሚነት ለመቅጠር ወይም ኮንትራቷን ለማቋረጥ ይወስናል።

ችግሩ ማሽኑ ደካማ መሆኑ ነበር። ዝርዝሩን በፊደል ተራ እንዲደረድር ሲታዘዝ ግማሽ ቀን ያስባል፤ አስቦም መሐል ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሁለት አዳዲስ ሚሞሪ እንዲገዛለት ተወሰነ። ላላየው ሰው፣ ሚሞሪ ማለት ጣት የሚያህል ቀጭን ሰሌዳ ነው። በላዩ ጥቋቁር ካሬዎች ተደርድረውበታል፤ ከታችኛው ጠርዙ ደግሞ ወርቅማ ጥርሶች አሉት፤ ማሽኑ ውስጥ የሚሰካው በእነዚህ ጥርሶች ነው። ዕቃው ረቡዕ ገባ። እኔም እንደ ሥርዓቱ ተረክቤ፣ ቁጥር ሰጥቼ ለሐሙስ አዘጋጀሁት።

ሐሙስ ጠዋት ዕቃውን ከሸጠልን ሱቅ አንድ ባለሙያ መጣ። ቸኩሏል፤ የተሳፈረበት መኪና በር ላይ ይጠብቀዋል።

«ይሄ ምንድን ነው የተጻፈበት?» አለኝ ሚሞሪውን እያገላበጠ።

«የንብረት ቁጥር ነው።»

«ሚሞሪ ላይ?»

«እዚህ ግቢ ለሚገባ ዕቃ ሁሉ ነው።»

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። አሮጌዎቹን ሁለት ሚሞሪዎች ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ወዲያው አነሣኋቸው። በደንባችን አዲስ የወሰደ አሮጌውን ይመልሳል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ስለነበሩ የራሳቸው ቁጥር አልነበራቸውም፤ ከወጡ ግን ራሳቸውን የቻሉ ንብረቶች ናቸው። ወደ ክፍሌ ወስጄ ቁጥራቸውን ጻፍኩና ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አሰጣኋቸው።

ስመለስ ኮምፒዩተሩ ይጮኻል። ሦስት ረዣዥም ጩኸት፣ ከዚያ ዝምታ፤ ስክሪኑ ጭልም ያለ ጨለማ። ባለሙያው አጠፋው፣ ነቀለ፣ ቦታ አቀያየረ፣ ተጭኖ ሰካ፣ እንደገና አበራ። ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም።

«አዲሱ ሚሞሪ ችግር ሳይኖረው አይቀርም። እስቲ አሮጌዎቹን ይመልሱልኝ» አለ።

ሄዶ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ደርቀው ስለነበር አመጣሁለት። ሰካቸው። ማሽኑ ሦስት ጊዜ ጮኸ።

ባለሙያው ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። «በቃ፣ ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል። ትናንት ሲሠራበት የነበረው ሚሞሪ ዛሬ እምቢ ካለ ሌላ ምክንያት የለውም። ዝርዝሩ የተቀመጠበት ዲስክም አብሮ ሳይነካ አልቀረም።» ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ ነው ሁሉንም ያበላሸው። «ውሃ ነገር ነክቶት ነበር?»

ዓይናችን እኩል ወደ አስካለ ጠረጴዛ ሄደ። ስክሪኑን የምታጸዳበት ጨርቅ እርጥብ እንደሆነ ጠርዙ ላይ ተሰጥቷል።

«ጠዋት አቧራውን ጠረግ አድርጌ ነበር… ስክሪኑን ብቻ ነው ግን» አለች።

ቅጂ አልነበረም። ቅጂ ያልነበረውም በእኔ ምክንያት ነው፤ ከወር በፊት ቅጂ የምትይዝበት አሥር ፍሎፒ ዲስክ ስትጠይቅ «ለምን አሥር? በዝርዝር ይገለጽ» ብዬ ወረቀቷን መልሼባት ነበር።

ዓርብ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። ዝርዝሩ ለሰኞ እንደማይደርስ ለኮሚቴው ተነግሯል። «ሴትዮዋ በውሃ ነው ያበላሸችው የሚባለው እውነት ነው?» አሉኝ። እኔም ጨርቁን ማየቴን ተናገርኩ። ማየቴ እውነት ነበር። «እንግዲያው ሪፖርት ይጻፉ። ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ይቀርባል» አሉ። ያን ዕለት ከሰዓት በጥንቃቄ አንድ ገጽ ጻፍኩ። «የሥራ መሣሪያውን የያዙት ሠራተኛ በእርጥብ ጨርቅ ሲያጸዱ…» ይላል አንዱ መስመር። አጣጥፌ የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ አኖርኩት። ያ ወረቀት አንዲትን ሴት ከእንጀራዋ ሊነቅል እንደሚችል አውቃለሁ፤ አውቄም ሥርዓት ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሬድዮኔን ላወጣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወረድኩ። ጋሽ ሰይድ በሚባሉ የወሎ ሰው የጥገና ሱቅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከርሞ ነበር። ጋሽ ሰይድ ስድሳን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፣ እጃቸው ከሥራ አፋቸውም ከጨዋታ የማይቦዝን ሰው ናቸው።

«ምነው፣ የመንግሥት ሰው! ፊትዎ የከሰረ ነጋዴ መሰለ» አሉኝ።

ሬድዮው ሲፈተሽ እኔ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጩኸቱን፣ ባለሙያውን፣ እርጥቡን ጨርቅ። ብሎን ማዞራቸውን አቁመው ሰሙኝ።

«እኔ ኮምፒዩተር ከፍቼ አላውቅም» አሉ። «ግን ሬድዮ ተበላሸ ተብሎ ሲመጣልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መጨረሻ የነካው ማነው?»

«ባለሙያው።»

«ከእሱ በፊትስ?»

«ማንም አልነካውም።»

ይህን ስመልስ አልዋሸሁም፤ ቁጥር መጻፍ መንካት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

«በሉ አምጡትና ልየው።»

«ያለ በር መውጫ ወረቀት አይወጣም።»

«የበር መውጫውን የሚፈርመው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ለራሴ መፈረም ግን አልችልም።»

ጋሽ ሰይድ ሳቃቸውን ለማፈን ጢማቸውን ዳሰሱ። «ወላሂ፣ እርስዎስ ራስዎንም ያስፈርማሉ! እንግዲህ እኔ ልወጣ፤ ለእኔ መውጫ አያስፈልገኝም።» የሱቃቸውን በር ገርበብ አድርገው፣ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ተከተሉኝ።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ መሣሪያቸውን ሁሉ በዘበኛው መዝገብ ላይ አስመዘገብኩ። ደንቡ ነው። ፒንሳ አንድ፣ ጠመንጃ መፍቻ ሦስት፣ ቴስተር አንድ፣ የማጉያ መነጽር አንድ። «ጥጡንስ በስንት ፍሬ ልበል?» አሉ ጋሽ ሰይድ። ዘበኛው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ደረጃውን ስንወጣ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ሰማን። አስካለ ነበረች። ኮምፒዩተሩን በፕላስቲኩ ሸፍናው፣ ከጎኑ የድሮውን መኪና ተክላ፣ የማኅደር ቁልል ከፊቷ አድርጋ ትጽፋለች። እንዳየችን ብድግ አለች።

«ቅዳሜ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ሰኞ ባዶ እጄን አልቀርብም ብዬ ነው፣ አቶ ጥላሁን። ከመጀመሪያው ጀምሬዋለሁ።» አራት ገጽ ደርሳለች። ከስምንት ወር አራት ገጽ።

ጋሽ ሰይድ የማሽኑን ክዳን ከፈቱ። አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ቀስ ብለው አሸተቱ፤ ዳቦ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ይመስሉ ነበር። «የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ሁለት ቀን ቢያልፈውም ይሸታል። ይሄ አይሸትም» አሉ። ከዚያ ኤሌክትሪኩ መነቀሉን አረጋግጠው አሮጌዎቹን ሚሞሪዎች አወጡ፤ አዲሶቹንም ተቀበሉኝ። ወደ መስኮቱ ሄደው በማጉያ መነጽሩ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ኤሌክትሪክ ማለፉን በቀስት የሚያሳየውን የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አንዱ ወርቅማ ጥርስ ላይ አሳረፉ። ቀስቱ አልተንቀሳቀሰም። በጥፍራቸው ያንኑ ጥርስ ፋቅ አድርገው እንደገና አሳረፉ። ቀስቱ ዘሎ ሄደ።

ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም።

«እህቴ፣ ላጲስ ይኖርሽ ይሆን?» አሏት።

«አቶ ጥላሁን ጋ ነው ያለው» አለች። «ላጲስ የሚወጣው በፊርማ ነው።»

የመሳቢያዬን ቁልፍ ሰጠኋት። በሕይወቴ ያን ቁልፍ ለሌላ ሰው ስሰጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደረጃውን እንደወረደች ጋሽ ሰይድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይህ ቁጥር የማን እጅ ነው?»

«የእኔ።»

«ያምራል፤ እንዲህ ያለ እጅ ካየሁ ቆይቻለሁ።» ሚሞሪውን በብርሃኑ ዘወር አደረጉት። ወርቁ ላይ አንዳች ስስ ነገር አንጸባረቀ። «ከላዩ ምን ቀቡበት?»

«ቨርኒሽ።»

«ቁጥሩ ላይ ነው የቀቡት፤ ጥርሱ ላይ ፈሶ ደርቋል። ቀለም ስለሌለው ዓይን አያየውም። ብረትና ብረት ካልተነካካ ደግሞ ማሽኑ አልሰማ ይላል፤ አልሰማሁም እያለ ነው የሚጮኸው። አሮጌዎቹንም ቀብተዋቸዋል?»

መልሱን ያገኘሁት ከእሳቸው ጋር እኩል ነው። አሮጌው ሚሞሪ የከሸፈው፣ ባለሙያው ተሳስቶ «ተቃጥሏል» ያለው፣ የአስካለ ጨርቅ የተጠረጠረው፣ ሁሉም የመጣው ፀሐይ ከሚመታው ከእኔ መስኮት ነው። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

«ባለ እርጥብ ጨርቋ እንግዲህ ይቺ ናት?» አሉኝ።

«እሷ ናት።»

«አብሽር፣ ማሽኑ ይነሣል። የቀረውን እርስዎ ያውቁበታል።» ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመሩም።

አስካለ ቀይና ሰማያዊውን ላጲስ ይዛ መጣች። ጋሽ ሰይድ ጥጥ በአልኮል እያራሱ አበሱ፤ ከዚያ በቀዩ በኩል እያንዳንዱን ጥርስ በዝግታ ፈገፈጉ፤ መሰኪያውንም በደረቅ ብሩሽ ጠረጉ። የልደታ ቤተ ክርስቲያንን ደወል ስሰማ ገና ሁለተኛው ሚሞሪ ላይ ነበሩ። አራቱም ሲያልቁ አዲሶቹን ሁለቱን ሰኩ። «ቢስሚላህ» አሉና ለአስካለ ማብሪያውን አመለከቷት። «ያንቺ ማሽን ነው፤ አንቺ አብሪው።»

ጣቷ ለአፍታ ቁልፉ ላይ ቆየ። ተጫነችው።

ጩኸቱ አንድ ብቻ ነበር፤ አጭር። ስክሪኑ ብልጭ አለ፤ ከግራ ጥጉ ላይ ማሽኑ ሚሞሪውን መቁጠር ጀመረ። ነጫጭ ቁጥሮች እየተተካኩ ወደ ላይ ወጡ፤ ድሮ ይቆሙበት ከነበረው አልፈው ሄዱ። በዕድሜዬ ብዙ ቁጥር ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ቁጥሮች የሚያምር ግን አላየሁም። አስካለ ዝርዝሩን ከፈተች። አንድ ስም ጻፈች፤ መጣ። ሌላ ጻፈች፤ መጣ። ከዚያ ከጽሕፈት መኪናው ላይ አምስተኛውን ገጽ በቀስታ አውጥታ በአራቱ ላይ ደረበችው።

«ምን ነበር ግን?» አለች።

ጋሽ ሰይድ አጎንብሰው መሣሪያቸውን ሣጥን ውስጥ መደርደር ጀመሩ። እያንዳንዷን ዕቃ ሁለት ጊዜ የደረደሯት መሰለኝ። ወደ እኔ ቀና ብለው አላዩም። «አቧራ ነው» ብል ማንም አያውቅም ነበር።

«እኔ ነበርኩ» አልኩ። «ቁጥር ስጽፍ የቀባሁት ቨርኒሽ ነው የዘጋው። ጨርቅሽ ምንም አላደረገም።»

ጠረጴዛው ላይ ከቀሩት አሮጌዎቹ ሚሞሪዎች አንዱን አነሣች። «ቁጥር? ባልዲው ላይ ያለውን ዓይነት?»

«እሱኑ።»

ሳቀች። መጀመሪያ ለማፈን ሞክራ ነበር፤ ኋላ ግን ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ እንባው አልቆመም። «ሁለት ቀን ሙሉ 'እኔው ነኝ የገደልኩት' እያልኩ ነበር፣ አቶ ጥላሁን» አለች። «ምናልባት ጨርቁን ሳልጨምቀው ቀርቼ ይሆናል እያልኩ።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የሰማሁት ወቀሳ ሁሉ ከዚህ አይበልጥብኝም። ባላደረገችው ነገር ራሷን ከሳ ነበር፤ እኔ ያደረግሁት ደግሞ በኪሴ ውስጥ በሷ ስም ተጽፎ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የታተመው ዝርዝር ኮሚቴው ፊት ቀረበ። እኔም አሮጌውን ሪፖርት ቀድጄ አዲስ ጽፌ አቀረብኩ። ሥራ አስኪያጁ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማሽኑ ተነሥቷል እኮ። ይህን ማን ጠየቀዎት?»

«ዓርብ ዕለት የሰው ስም ተነሥቶ ነበር። ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ የማወርደውም እኔ ልሁን ብዬ ነው።»

«ቃለ ጉባኤ ውስጥ ከገባ ማስጠንቀቂያ ያስከትላል።»

«ይግባ።»

ገባ። አስካለ በዚያው ስብሰባ ቋሚ ሆነች፤ እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። በአገልግሎት ዘመኔ የተሰጠኝ ብቸኛ ማስጠንቀቂያ እሱ ነው። በሳምንቱ በራሴ ፊርማ አሥር ፍሎፒ ወጪ አደረግሁላት፤ «ለምን አሥር» አላልኩም።

ጋሽ ሰይድ ለድካማቸው ምንም አልቀበል ብለው ነበር። ስጨቀጭቃቸው «እንግዲያው ከሱቄ በር በላይ ያለው ጣውላ ባዶ ነው። ያን ጥሩ እጅዎን እዚያ ያሳርፉት» አሉኝ። በነጭ የዘይት ቀለም «ሰይድ ሬድዮ ጥገና» ብዬ ጻፍኩላቸው። እሳቸው ከታች መሰላሉን ይዘው፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እየተናገሩ ነበር። «እዚህ ላይ ቨርኒሹን አብዙት፣ አቶ ጥላሁን! ዝናብ ነው የሚመጣበት፤ እዚህ ማንም አይሰካበትም!» ያ ጽሑፍ እሳቸው ካለፉም በኋላ ብዙ ክረምት ችሎ ቆይቷል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆብ ማንሣት ልማዴ ነበር።

የተለወጠው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ቁጥር መጻፍ አልተውኩም፤ ማሽን ውስጥ በሚገባ ዕቃ ላይ ግን መጻፌን አቆምኩ፤ የእነሱን በመዝገብ ብቻ ያዝኩ። ከዚያ የሚበልጠው የጋሽ ሰይድ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ፣ በመሥሪያ ቤትም በቤቴም፣ ጣቴን ከመቀሰሬ በፊት «መጨረሻ የነካው ማነው?» እላለሁ፤ ቆጠራውንም ከራሴ እጅ እጀምራለሁ። ከልጆቼ ጋር ያለኝ ሰላም ከዚህች ጥያቄ የመጣ ነው ብል አላጋነንኩም። እናንተም ሞክሯት፤ ለእኔ እንዳቀናችልኝ ለእናንተም ታቃናላችኋለች ብዬ አምናለሁ።

ጡረታዬን ለማስከበር የሄድኩ ቀን የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ ነበረች። ስሜን ጻፈች፤ ማኅደሬ የት መደርደሪያ እንዳለ ወዲያው ታየ። አስመጥታ ገጹን ስትገልጥ አንድ ቦታ ላይ ቆመች፤ ፈገግ አለች።

«ይህች ማስጠንቀቂያ ጊዜዋ አልፎባታል፣ አቶ ጥላሁን። በደንቡ መሠረት ከማኅደሩ ላወጣት እችላለሁ። ላውጣት?»

«ተያት» አልኳት። «ቁጥር አላት።»